የቤታችሁን ቡና ፎቶ አንሱ፤ ከጀርባው ያለውንም ጻፉ

እናቴ አልበም ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። ኮት የለበሰ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ ቀጭን ሰውዬ። ከኋላው ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ። ፎቶውን ስትገለብጡት በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «ለማስታወሻ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። የማን ማስታወሻ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እናቴ «የአባትህ ጓደኛ ይመስለኛል» ትላለች። አክስቴ «ኧረ የኛው ዘመድ ነው» ትላለች። በየዓመት በዓሉ አንዴ እንከራከርበታለን።

እዚያው አልበም ላይ ሌላም ነገር ታዝቤያለሁ። ሁሉም ሰው ዘንጧል። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ፎቶ ቤት። እናቴ በሕይወቷ ስንት ጀበና እንዳፈላች እግዜር ይወቀው፤ ቡና ስታፈላ የተነሳችው ፎቶ ግን አንድም የለም። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ፊልሙ 36 ፖዝ ብቻ ነው፣ ማሳጠቢያውም ገንዘብ ነው። ማን ከሰል ላይ ያባክነዋል? ካሜራ እኛ አገር ከጅምሩም የትልልቆች ዕቃ ነበር። ቦያጂያን የሚባሉት አርመናውያን ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ተራው ሰው ሲደርሰው ደግሞ ፎቶ ማለት ክራቫት ተውሶ ፎቶ ቤት መሄድ ሆነ።

አሁን ካሜራው ኪሳችን ውስጥ ነው፤ ግን አሁንም የምናነሳው ሠርግና ምርቃት ነው። ይህ መመሪያ ስልክ ብቻ ላላችሁ፣ ፎቶ ማንሳት ለምትወዱ፣ ከዚህም እንጀራ ለማትበሉ ሰዎች ነው። ማስተማሪያ ያደረግኩት ቡናን ነው። ቡና በየቤቱ አለ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ቅደም ተከተሉም አይለወጥም። ዛሬ ያመለጣችሁ ቅጽበት ነገ ይደገማል። ጭስ አለ፣ እሳት አለ፣ የሚንቀሳቀስ እጅ አለ፣ የሚስቅ ፊት አለ። ይህን ማንሳት የቻለ ሌላውም አይከብደውም።

1. አንድ ቤት ምረጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ምንም አታንሱ

አማተር ፎቶ አንሺ የሚሳሳተው ሩቅ ሲያይ ነው። ላሊበላ ካልሄድኩ፣ ሰሜን ተራሮችን ካልወጣሁ ይላል። እዚያ የሚያነሳው ፎቶ ደግሞ ሺህ ሰው ያነሳው ነው። የእናንተ ጥቅም ቅርበት ነው። ለሠርግ የሚቀጠረው ባለሙያ ከእናንተ በጣም የተሻለ ካሜራ አለው። የትኛው ስኒ የአክስቴ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ስለዚህ ስትገቡ «ማነው?» የማትባሉበትን ቤት ምረጡ። የእናታችሁ ቤት፣ የጎረቤት ቤት፣ በየቀኑ የምትጠጡበት የመንገድ ዳር ጀበና ቡናም ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና ቡናችሁን ጠጡ። የምታዩት ግን አለ። በሩ ወደ የት ነው የሚያየው? ረከቦቱ ሁልጊዜ የት ይቀመጣል? ብርሃን በስንት ሰዓት በየት በኩል ይገባል? ማን ማን አጠገብ ይቀመጣል? ቤታችሁ ስትመለሱ ይህንን በወረቀት ላይ ንድፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የኔ የመጀመሪያ ንድፍ ሦስት አራት ማዕዘንና አንድ ክብ ነበር። ክቧ ጀበናዋ ናት። በዚህች ንድፍ አንድ ወር ሙሉ ሠርቻለሁ።

2. ብርሃኑን አግኙ

ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የፎቶው ግማሽ ሥራ ይኸው ነው።

መጀመሪያ አምፖሉን አጥፉ። እውነቴን ነው። ከበሩ የሚገባው የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አምፖሉ ደግሞ ወይ ቢጫ ነው ወይ አረንጓዴ ቢጤ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ስልኩ የትኛውን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል። ውጤቱም አንድ ጉንጯ ቢጫ፣ አንድ ጉንጯ ሰማያዊ የሆነች ሴት ናት። መብራት የጠፋ ቀን ያነሳኋቸው ፎቶዎች መብራት ካለበት ቀን የተሻሉ ናቸው ብል ብዙ ሰው ይስቅብኛል። ግን ናቸው።

ቀጥሎ፣ በሩን በጎን አድርጉት። ቡና የምታፈላዋ ሴት በሩን ፊት ለፊት ካየች ፊቷ ጠፍጣፋ ይሆናል። በሩ ከጀርባዋ ከሆነ ደግሞ ፊቷ ይጠቁራል። በሩ በቀኟ ወይም በግራዋ ሲሆን ግን አንድ ጎኗ ይበራል፣ ሌላው ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይገባል። መጨማደዱም፣ ፈገግታውም፣ የጆሮ ጌጡም ያኔ ነው የሚታየው። ረከቦቱን አንድ ክንድ ያህል ማንቀሳቀስ በቂ ነው። ጥላው ከበረታባችሁ በሌላኛው ጎኗ ነጭ ነገር አስቀምጡ። አንሶላም ነጠላም ይሆናል። የወንድሜን ልጅ ነጭ ነጠላ አስይዤ «ዝም ብለህ ቁም» ያልኩበት ቀን ነበር። በኋላ ከረሜላ ጠየቀኝ።

ጭሱን ደግሞ ሁለት ነገር ካላሟላችሁ አታገኙትም። ጭስ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ወይም ከጎኑ መጥቶ ሲያልፍበትና ከበስተኋላው ያለው ነገር ጨለም ሲል ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት የዕጣን ጭስ ብታነሱ ምንም የለም። ሁለት እርምጃ ዞር ብላችሁ፣ ከጭሱ ኋላ ጥቁር በር ወይም የጨለመ ጥግ እንዲሆን አድርጉ። ያው ጭስ እንደ ሐር ክር ሲወጣ ታዩታላችሁ።

ስለ ሰዓቱም ላንሳ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፣ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ናት። ስለዚህ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላም ትጠልቃለች። ያ ወርቃማው ለስላሳ ብርሃን አውሮፓ ውስጥ በበጋ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ እኛ ጋ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ጠዋት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ። እኩለ ቀን ላይ ውጭ ሰው አታንሱ። በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ሰውየውን ወደ በረንዳ ጥላ አስገቡት። ክረምት ግን ሌላ ነው። ደመናው እንደ ትልቅ ነጭ መጋረጃ ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው፣ ሐምሌ ላይ እኩለ ቀንም ቢሆን የሰው ፊት ያምራል። «ፀሐይ የለም» ብላችሁ ስልካችሁን አትክተቱ።

3. ስልኩን አስተካክሉ

ሌንሱን ጥረጉ። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ቅባት አለው፤ ያ ቅባት ነው ብርሃኑን ጭጋግ የሚያስመስለው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ፍላሹን ዝጉት። ውበት ማሳመሪያውንም ዝጉት። አንዳንድ ስልኮች ሳትጠይቋቸው ፊት ያለሰልሳሉ፤ የሰባ ዓመት እናት ፊት እንደ ፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

ዋናው ነገር የብርሃን መጠኑ ነው። እኛ አገር ደግሞ አንድ የታወቀ ፈተና አለ፤ ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ላይ። ስልኩ ፊቱን ለማብራት ሲሞክር ነጠላው ይቃጠላል፤ ጥለቱም ሽመናውም ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ፊቷን በጣታችሁ ነክታችሁ ያዝ አድርጉ፤ አብዛኛው ስልክ ፎከሱንና ብርሃኑን እዚያው ይቆልፈዋል። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ሳቡ። የነጠላው እጥፋት መታየት ሲጀምር አቁሙ። ፊቷ ትንሽ ጨለም ቢል አትደንግጡ፣ በኋላ ይነሳል። የተቃጠለ ነጭ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ወደ ፊት አትጠጉ፤ ወደ ኋላ ሂዱና ባለ ሁለት እጥፉን (2x የሚለውን) ሌንስ ተጠቀሙ፣ ስልካችሁ ካለው። ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ፊት አጠገብ ሲቀርብ አፍንጫ ያሳድጋል። በጣት እየለጠጣችሁ ዙም ማድረግ ግን ፎቶውን ከመቁረጥ ያለፈ ጥቅም የለውም። ፖርትሬት ሞድ የሚባለውን፣ ከሰው ጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘውን፣ ለቡና አልመክርም፤ ጭሱንና የፀጉሩን ዳር አያውቅም፣ ግማሹን ያጠፋዋል።

4. ጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ፎቶ ለእነሱ ስጡ

«እትዬ፣ ቡናውን ሲያፈሉ ባነሳዎት ቅር ይልዎታል?» በቃ፣ ይኸው ነው። ዘመድም ቢሆን ይጠየቃል። ጨቅላ ሕፃን ፎቶ እንዲነሳ የማይወድ ቤት አለ፤ ምክንያት አትጠይቁ፣ አታንሱ።

ከጠየቃችሁ በኋላ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። «ቆይ! ቆይ ፀጉሬን!» ነጠላ ይስተካከላል፣ ወገብ ይቀናል፣ ፊት ይከብዳል። እናቴ ካሜራ ስታይ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። ከዚህ ጋር አትጣሉ። የዘነጠውን ፎቶ ቀድማችሁ አንሱላት፣ በደንብ አንሱላት፣ አሳይዋት። «አማረብኝ?» ትላለች። «በጣም» በሉ። ከዚህ በኋላ ለእሷ ፎቶው አልቋል። ለእናንተ ግን አሁን ነው የሚጀምረው። ቁጭ በሉ፣ ስልኩን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ፣ ጨዋታው ውስጥ ግቡ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትረሳችኋለች።

አንድ ነገር ብቻ፦ ማንሳት መፍቀድና መለጠፍ መፍቀድ አንድ አይደሉም። ሌላ ቦታ የምታወጡት ከሆነ ለብቻው ጠይቁ። የልጆችን ደግሞ ተዉት።

5. ቡናውን ተከትላችሁ አንሱ

ሲታጠብ። ቡናው ተለቅሞ ሲታጠብ ከላይ አንሱ። ስልኩን ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ፣ እጇና ፍሬው ብቻ እንዲገቡ። ፊት አያስፈልግም። ቀላል ነው፣ መለማመጃ ይሁናችሁ።

ሲቆላ። ሁሉም ሰው ብረት ምጣዱን ነው የሚያነሳው። እኔም ለአንድ ዓመት ያህል ብረት ምጣድ ሳነሳ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ስልኬን ይዤ ዘወር ስል ፎቶው ከኋላዬ እንደነበር አየሁ። ቡናው ጠቁሮ መንጣጣት ሲጀምር ምጣዱን አንስታ ለእንግዶቹ ታዞራለች። እያንዳንዱ ሰው ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ ይስባል። ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያች ቅጽበት የሚያስመስል ሰው የለም። ስለዚህ ምጣዱ ሲነሳ እናንተ ከእንግዶቹ ፊት ለፊት ሁኑ። መንጣጣቱን ስትሰሙ ተነሱ፤ ድምፁ ደወላችሁ ነው።

ሲወቀጥ። ዘነዘናው ይንቀሳቀሳል፣ ስልኩ በደብዛዛ ብርሃን ሊይዘው አይችልም። ሁለት ምርጫ አለ። ወይ ሙቀጫውን በሩ አጠገብ አስደርጉ፣ ወይም እንቅስቃሴው ይደብዝዝ ብላችሁ ተዉት። ስልካችሁ ፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ የምታስተካክሉበት) ካለው ፍጥነቱን 1/30 ሴኮንድ ላይ አድርጉና እጃችሁን ግድግዳ አስደግፉ፤ ሴትየዋ ጸጥ ብላ ዘነዘናው ብቻ ይደበዝዛል። እኔ ይህን እወደዋለሁ። ድምፁ የሚሰማ ይመስለኛል።

ሲቀዳ። ይህኛው ተቃራኒውን ይፈልጋል። ከጀበናው አፍ እስከ ስኒው ያለችው ቀጭን መስመር ጥርት ብላ እንድትታይ 1/250 ሴኮንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ብርሃን መኖር አለበት። ፕሮ ሞድ ከሌላችሁ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ከስኒዎቹ ከፍታ ጋር እኩል ዝቅ በሉ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ በተከታታይ አንሱ። አሥር ስኒ ካለ አሥር ዕድል አላችሁ። ከኋላው ነጣ ያለ ነገር መሆኑን አትርሱ፤ ጥቁር ቡና ጥቁር ቀሚስ ላይ አይታይም፣ ነጭ ጀርባ ላይ ግን ይታያል። አዎ፣ ለጭሱ ጨለማ፣ ለቡናው ነጭ ብያለሁ። ሁለቱን በአንድ ፎቶ አታገኙም፤ አንዱን ምረጡ።

በአቦልና በቶና መካከል ያለው ጊዜ ነው ግን የኔ ምርጫ። አቦል ላይ ሰው ገና ሰላምታ ላይ ነው። ዋጋ ተወደደ፣ ዝናብ ጠፋ። በቶና ወሬው ይሞቃል። አንዷ ወደ ሌላዋ ዘንበል ትላለች፣ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ የፈንዲሻው ሰፌድ ተረስቷል። ልጅ እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ቅንድብ፣ እጅ፣ አፍን በነጠላ መሸፈን፣ ሁሉም እዚህ አለ። ስልኩን ዓይናችሁ ድረስ አታንሱት። ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ድምፁን አጥፍታችሁ አንሱ። ወሬው የግል ከሆነ ግን ተዉት። እኔ ሳላነሳቸው ያለፍኳቸው አሉ፣ አሁንም ትዝ ይሉኛል።

በረካ ላይ ሰው መነሳት ይጀምራል። ምርቃቱን አንሱ፣ የተነሱትን እጆች። ከዚያ ሁሉም ሲወጣ ተመለሱና ባዶውን አንሱት። አተላ ያለበት ስኒ፣ ማቶቷ ላይ ዘመም ያለች ጀበና፣ የረገበ ከሰል፣ የተረገጠ ቄጤማ። ይህንን ፎቶ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ማን እንደነበረ ግን በደንብ ይናገራል።

6. ከቤት ስትወጡ

ብርሃኑ ያው ነው፣ ትዕግሥቱም ያው። ሊስትሮው፣ ጀበና ቡና ሻጯ፣ በሚኒባስ በር ላይ የሚጮኸው ረዳት። አንድ ጥግ መርጣችሁ ሰው ወደ እናንተ እስኪመጣ ጠብቁ፤ ሰው እያሳደዳችሁ አታንሱ። አንድ ቡና ግዙ፣ ተቀመጡ፣ ጠይቁ። መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ያለበት በር፣ ኤምባሲ፣ ካምፕ፣ ቤተ መንግሥት አካባቢ ስልክ አታውጡ። ያለ ነገር ቀናችሁ ይበላሻል።

7. ጣሉ

ከአንድ ቡና 60 ፎቶ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሦስት አስቀሩ። ዛሬ አትምረጡ፤ ዛሬ ሁሉም ያምራል። ከሁለት ቀን በኋላ ጋለሪውን ክፈቱና ትንንሾቹን ምስሎች እንዳሉ እዩ። በትንሹም ዓይናችሁን የሚስበው እሱ ነው። ዳር ዳሩን ፈትሹ፤ ግማሽ የፕላስቲክ ባልዲ ገብቶ ከሆነ ቁረጡት። የጨለመውን ትንሽ አብሩት። ከዚያ በላይ አትነካኩ። ደብዛዛ ሆኖ የምትወዱት ፎቶ ካለ ግን አስቀሩት። ጥርት ብሎ ባዶ ከሆነ ፎቶ ደብዝዞ ሰው ያለበት ይሻላል።

8. በዚያው ቀን ጻፉ

የእናቴ አልበም ያለው ሰውዬ ያስተማረኝ ይህንን ነው። መምረጡ ሁለት ቀን ይጠብቅ፣ መጻፉ ግን ከዚያው ማታ አይለፍ።

ሁለት አማተሮች አሉ፣ ሁልጊዜ አብረው የሚታወሱኝ። አንዷ ቪቪያን ማየር ናት። አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ ሞግዚት ሆና እየሠራች ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ ላይ ፎቶ ታነሳ ነበር። ንብረቷ በፈረንጆቹ 2007 በጨረታ ሲሸጥ ነው ሥራዋ የተገኘው፣ ከ100,000 በላይ ኔጌቲቭ። ፎቶዎቹ ድንቅ ናቸው። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እያሉ እንደነበር ግን የሚነግረን የለም፤ እሷም በ2009 አረፈች። ሌላው ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ ነው። በ1894 ተወለደ፣ ገና ልጅ እያለ ካሜራ ተሰጠው፣ ቤተሰቡን ማንሳት ጀመረ፤ ሲዘል ወንድሙን፣ ሲጫወቱ የአክስቶቹን ልጆች። ማታ ማታ ማስታወሻው ላይ የአየሩን ሁኔታ ይጽፋል፣ ያነሳውንም ፎቶ በእርሳስ ይነድፋል፤ ፊልሙ ቢበላሽ እንኳ ንድፉ ይቀራል ብሎ። ኒውዮርክ ውስጥ ሥራው ታይቶ ስሙ የወጣው በ1963 ነው፣ በ69 ዓመቱ። ያንን ሁሉ ጊዜ የሚጽፈው ለራሱ ነበር።

ምን ይጻፍ? «ውብ የቡና ሥነ ሥርዓት» አትበሉ። ቡና መሆኑ ይታያል። የማይታየውን ጻፉ። የኔ አንዱ ይኸውና፦

«እሁድ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ እናቴ ቤት። አቦል የምትቀዳው አክስቴ ናት። ጠርዙ የተሸረፈው ስኒ የእሷ ነው፤ ለእንግዳ አትሰጠውም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ብርሃኑ የበሩ ነው። ከመቅዳቷ በፊት ‹ስኳሩን ማነው የጨረሰው?› ብላ ነበር። በስተግራ የሚታየው እጅ የወንድሜ ነው። የጨረሰው እሱ ነው።»

ስድስት መስመር አትሞላም። ግን እዩዋት፤ ማን እንደሆነ አለ፣ ቀን አለ፣ የተባለ ነገር አለ፣ ከፎቶው ውጭ የቀረ ነገር አለ። የተባለውን እንደተባለ ጻፉት፣ አታሳምሩት። «ስለ ስኳር ተጨዋወቱ» ብል ኖሮ አክስቴ ከውስጡ ትጠፋለች።

ስለ ቀኑ ተጠንቀቁ። ስልኩ ፎቶው ውስጥ የሚቀብረው ቀን የፈረንጆቹ ነው። ከእኛው ጋር ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው፤ የልጅ ልጃችሁ «2016» የሚል ሲያይ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ «ዓ.ም.» ማለትን አትርሱ። በዓል ከሆነ በዓሉን ጥቀሱ፤ ቀን የሚረሳ ሰው ፋሲካን አይረሳም።

ቦታውንም በሰፈርና በቀበሌ ጻፉ። «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» ዛሬ ይገባል። ፒያሳና ካዛንቺስ ያ ሁሉ ቤት ሲፈርስ ግን ዳቦ ቤቱም አብሮ እንደሚሄድ አይተናል። ካዛንቺስ ያነሳኋት አንዲት በር አለች፤ ማስታወሻዬ ላይ ያለው «የሰማያዊዋ በር ሰፈር» የሚል ብቻ ነው። አሁን በሯም ሰፈሩም የለም፤ የት ጋ እንደነበረች ለሰው ማሳየት አልችልም።

የት ይጻፍ? ርካሽ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ስጡት፤ በፋይሉ ስምም በደብተሩም ያው ቁጥር ይሁን። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ተራ ቁጥር። በዚህ ቅደም ተከተል ካደረጋችሁት ኮምፒውተሩ ራሱ ይደረድረዋል።

መጻፍ የሚከብደው ሰው በድምፅ ይቅዳ። ይበልጥ የሚሻለው ግን ፎቶውን ለእናታችሁ አሳይታችሁ እሷ ስትናገር መቅዳት ነው። እኔ ያላየሁትን ታያለች። «ይቺ ጀበና እኮ ክዳኗ የሷ አይደለም» ብላኝ የክዳኑ ታሪክ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

9. ሦስት ቦታ አስቀምጡ

አንድ ጊዜ ስልኬን ስክሪን ለማስቀየር አንድ ጥገና ቤት ሰጠሁ። ስክሪኑ አዲስ ሆኖ ተመለሰ። ውስጡም አዲስ ሆኖ ተመለሰ። የሁለት ዓመት ፎቶ ሄደ፣ «ሶፍትዌሩ አስቸግሮን ነው» ተባልኩ። ጥፋቱ የእነሱም የኔም ነው።

አንዱ ስልካችሁ ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ወይም ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ፤ ዘመድ ቤት ያለ ፍላሽም ይሁን ኢንተርኔት ላይ። ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ፎቶውን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው ቀንም ይጠፋል። ውጭ አገር ላለች እህታችሁም ስትልኩ እንዲሁ። ማስታወሻዋንም አብራችሁ ላኩላት፤ ማን ስኳር እንደጨረሰ ከፎቶው እኩል ትፈልገዋለች።

10. አሳጥቡና መልሱ

በወር አንድ ፎቶ አሳጥቡ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለአልበም ይበቃል፤ ለዚህ መጠን 1200 በ1800 ፒክስል ካለ ጥራቱ አይጎድልም፣ የዛሬ ስልክ ሁሉ ከዚህ በላይ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ስልክ የሚያነሳው ቅርጽ 4 ለ3 ነው፣ የወረቀቱ ቅርጽ 3 ለ2 ነው። በአግድም ያነሳችሁት ፎቶ ወረቀቱን እንዲሞላ ሲደረግ ከቁመቱ አንድ ዘጠነኛው ይቆረጣል። ቆመው የተነሱ ሰዎች ካሉ የሚሄደው አናታቸው ነው። የአጎቴን ግንባር እንደዚህ አጥቻለሁ። ወይ ራሳችሁ ቀድማችሁ በ3 ለ2 ቁረጡት፣ ወይም ፎቶ ቤቱን «ሳይቆረጥ፣ ነጭ ዳር ይኑረው» በሉ።

ሁለት ቅጂ አሳጥቡ። አንዱ ለተነሳው ሰው ነው። ለጎረቤታችን ለእትዬ ይዤላቸው ስሄድ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት። እሳቸውን አይደለም ያዩት። ከኋላቸው መስኮቱ ላይ ያለችውን ድመት ነው። «ይቺ ከጠፋች እኮ ሁለት ወሯ» አሉ። እኔ ድመት መኖሯንም አላየሁም ነበር። ቤቴ ገብቼ ደብተሬ ላይ ጨመርኩት።

በፎቶው ጀርባ ስትጽፉ እስኪርቢቶ አትጠቀሙ። ተጭናችሁ ከጻፋችሁ ፊደሉ በፊት ለፊት ጎብጦ ይወጣል፣ ለስላሳው ወረቀት ላይም ቀለሙ አይይዝም። ቀጭን የማይለቅ ማርከር ይሻላል፣ ዳሩ ላይ፣ ሳይጫኑ። ከዚያ ፎቶውን ገልብጣችሁ ለብቻው አሳድሩት። እኔ ቸኩዬ ሳይደርቅ ደራርቤ አስቀምጬ፣ የአክስቴ ፎቶ ጀርባ ላይ የጻፍኩት «ስኳር» የሚለው ቃል ተገልብጦ የወንድሜ ግንባር ላይ ታትሟል።